የቁጠባ ጠረጴዛ

በአሜሪካ በዒላማ ተኩስና በአደን ከሚዝናኑት መካከል የተተኮሰ ቀለህ ለቅመው በቤታቸው እንደገና የሚሞሉት ጥቂት አይደሉም፤ ሥራው በሕግ የተፈቀደ ሲሆን፣ ለምን እንደ ጀመሩት ሲጠየቁም አብዛኞቹ «ገንዘብ ለመቆጠብ» ይላሉ። ምክንያቱ ሐሰት አይደለም፤ አንድ ጥይት ከናስ ቀለህ፣ ፕራይመር ከሚባለው እሳት አስነሺ፣ ከባሩድና ከአረር የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከአራቱ ውድ የሆነው ቀለሁ ተተኩሶም አያልቅም። ይሁን እንጂ ጥይት የረከሰለት ሰው እንደ ቀድሞው ቆጥቦ ስለማይተኩስ፣ የዓመቱ ወጪ በነበረበት ይገኛል፤ ይህንንም ስሌት ባለቤቱ ከእርሱ ቀድማ ትደርስበታለች። በኢትዮጵያ የውጅግራ ጥይት ለመገበያያ በዋለበት ዘመን ቢሆን ሙያው ገንዘብ ከማተም ባልተለየ ነበር፤ በዛሬው የአሜሪካ ጋራዥ ግን ገንዘቡ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

በእውነቱ የቁጠባው ጉዳይ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1958 ማብቃት በተገባው ነበር፤ በዚያ ዓመት ሪቻርድ ሊ የተባለ የዊስኮንሲን ሰው በመዶሻ እየተመታ የሚሠራ፣ በትንሽ ሣጥን የሚያዝና ልዩ ጠረጴዛ የማይፈልግ መሙያ ፈለሰፈ። ሰው ግን በመዶሻ መርጋት አልቻለም፤ ፕሬስ የሚሉትን ባለ እጀታ መጭመቂያ ተመኘ። ከዝነኞቹ የፕሬስ ሠሪዎች አንዱ የሆነው አር ሲ ቢ ኤስ በ1943 በካሊፎርኒያ ሲጀመር፣ ስሙን ያገኘው ሮክ ቸክ የሚባለውን በድንጋይ መካከል የሚኖር ወፍራም አይጥ መሰል እንስሳ ለማደን አረር ከሚቀርጽ መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ጋራዥ ለሚያጣብበው ብረት ተጠያቂው በከፊል ይህ እንስሳ ነው።

ፕሬስ ከተገዛ ጠረጴዛ የግድ ነው፤ ቆጣቢም በመጀመሪያ የሚያስበው አሮጌ በር በእንጨት እግር ላይ ማጋደም ነው። ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ የበሩ ዓይነት ወሳኝ ነው፤ ብዙዎቹ የውስጥ በሮች በሁለት ስስ ገጾች መካከል የካርቶን ወንፊት ብቻ የያዙ ስለሆኑ፣ የፕሬሱ ብሎን ሲጠብቅ እንደ ድፎ ዳቦ ይሰረጉዳሉ። ለእግር የሚገዛውም «ሁለት በአራት» የተባለ እንጨት ሲለካ አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ኢንች ሆኖ ስለሚገኝ፣ በስሙ አምኖ የቆረጠ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ወደ እንጨት መሸጫ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ጠረጴዛው ይነሣል፤ እጀታው ወደ ታች ሲጫን የፊቱ ጠርዝ ይወርድና የኋላው ይነሣል፣ ቀለህ ተቀርቅሮ እጀታው ወደ ላይ ሲሳብ ደግሞ ተራው የፊቱ ይሆናል። መፍትሔው ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ጋር በብሎን ማሰር ወይም የታችኛውን መደርደሪያ በከባድ ዕቃ መሙላት ነው፤ በቤቱ ካሉት ዕቃዎች ከአረር ካርቶን የሚከብድ ብዙ ስለማይገኝ፣ ተጨማሪ አረር መግዛት ለጠረጴዛው ጤንነት ሲባል የተደረገ ሆኖ ይመዘገባል።

ቀልድ የማይፈቀደው በባሩዱ ሚዛን ላይ ነው። ባሩድ የሚለካው በግሬይን ሲሆን፣ አንድ ፓውንድ 7000 ግሬይን ነው፤ የአንድ ሽጉጥ ጥይት ድርሻ ብዙ ጊዜ ጥቂት ግሬይን ብቻ ስለሆነ፣ ጋራዡን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር ሚዛኑን ሊያሳስተው ይችላል። ከዚህ የሚብሰው በስሕተት እጥፍ የተጨመረ ባሩድ አንዳንድ ጊዜ ሳይፈስ በቀለሁ ውስጥ መቅረቱና ሲተኮስ ሽጉጡን ሊያፈነዳው መቻሉ ነው። ለዚህ የተገኘው ዘዴ በጠረጴዛው ላይ ካሉት ሁሉ ርካሹ ነው፤ በትርፍ እንጨት ላይ በትራፓኖ 50 ቀዳዳ ተበስቶ ቀለሆቹ ከተሰደሩ በኋላ፣ አረሩ ከመግባቱ በፊት በእጅ ባትሪ ከላይ እየታዩ ከጎረቤቶቹ ከፍ ያለ ወይም ባዶ የሆነ ይለያል።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ቡና አይጠጣም፣ ቀለሁም በወጥ ቤት ገንዳ አይታጠብም፤ የፕራይመሩ ጥላሸት እርሳስ አለበትና። ሌላው አስገራሚ ነገር የባሩዱ ማስቀመጫ ነው፤ የአገሪቱ የእሳት መከላከያ ደንብ በመኖሪያ ቤት እስከ 20 ፓውንድ ጭስ አልባ ባሩድ በመጣበት ዕቃ እንዲቀመጥ ሲፈቅድ፣ ከዚያ በላይ እስከ 50 ፓውንድ ድረስ ግን አንድ ኢንች ያህል ውፍረት ያለው የእንጨት ሣጥን ይጠይቃል። ብረት ያልተመረጠው፣ ተዘግቶ እሳት ቢደርስበት ግፊቱን አምቆ ስለሚፈነዳ ነው፤ ከበሩ የተረፈው ቁራጭም እዚህ ላይ ሥራ ያገኛል።

ጎረቤት «ለእኔም ሽጥልኝ» ያለ ዕለት ግን ነገሩ ከትርፍ ጊዜ ሥራ ይወጣል፤ ጥይት ሠርቶ ለመሸጥ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋልና። የፈቃዱ ክፍያ ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ሲሆን፣ በዚህ ሙያ ውስጥ በእርግጥ ርካሽ ነው የሚባል ወጪ ቢኖር እርሱ ብቻ ነው።