ውዳሴ ማሳሰቢያ

የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ፣ ለሰኞ የሰኞው፣ ለማክሰኞ የማክሰኞው እየተባለ፣ ሳይጓደል ሳይዛነፍ ከዓመት እስከ ዓመት ይደገማል። እንዲህ ያለ የምስጋና ሥርዓት በጸናበት አገር፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ሩፋኤል ባሉት ትንንሽ የግል ትምህርት ቤቶች በየሳምንቱ ዓርብ ለወላጆች የሚወርደው ማሳሰቢያ እስከ ዛሬ አንድ አወዳሽ እንኳ አለማግኘቱ የብዕር ሰዎችን ሁሉ የሚያስወቅስ ነገር ነው። ስለዚህ ምንም እንኳ ዕውቀቴ ውሱን ብዕሬም ደካማ ቢሆን፣ ሌላው ዝም ካለ ብዬ ይህን የውዳሴ ሸክም በትከሻዬ አንሥቻለሁ። ለነገሩስ የተማሪ ልጆች አባት እንደ መሆኔ ከመዝሙረ ዳዊት ይልቅ ማሳሰቢያውን ደጋግሜ አንብቤያለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አእምሮ የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተገለበጠ ለጥቂት መኳንንትና ሹማምንት ይታደል ነበር፤ ብርሃንና ሰላምም በ1917 ዓ.ም. መታተም በጀመረ ጊዜ በአዲስ አበባ እንኳ ጋዜጣ አንባቢው ጥቂት ነበረ። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ሕዝቡ ሁሉ፣ ታላቁም ታናሹም፣ በየሳምንቱ የሚያነበው አንዳች ነገር እንዲኖረው ሲመኙ ኖረው ሲመኙ አለፉ። ምኞታቸው እነሆ በጉለሌ ተፈጸመ። ዛሬ በዚህ ሰፈር ልጁን ያስመዘገበ አባወራ ሁሉ፣ በዕድሜው ጋዜጣ ገዝቶ የማያውቀው ጭምር፣ ሳምንታዊ ጽሑፍ በነጻ ይደርሰዋል፤ በነጻ ማለቴ ከወርኃዊ ክፍያው ጋር ተደምሮ ነው።

ቀድሞ የማሳሰቢያው ማደሪያ መገናኛ ደብተር የሚባለው፣ በላስቲክ የተለበደው፣ ከልጁ ቦርሳ ግርጌ ከብርቱካን ልጣጭና ከተሰበረ እርሳስ ጋር አብሮ የሚኖረው ደብተር ነበር። አሁን ግን ከሥጋዊ ማደሪያው ተለይቶ ረቂቅ ሆኗል፤ በቴሌግራም ቻናል በኩል ይወርዳል፤ በቻናሉም ላይ ወላጅ መልስ መጻፍ ስለማይችል ቃሉ ዘወትር ከላይ ወደ ታች ብቻ ይፈስሳል እንጂ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ነገር የለም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም በአገሪቱ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ስንቱ ንግድ ሲስተጓጎል፣ ስንቱ ወዳጅ ዘመድ ሲጠፋፋ፣ ማሳሰቢያው ግን አልተቋረጠም፤ ቪፒኤን የሚባለውን ስውር መንገድ የማያውቅ ወላጅ የሚያውቅ ጎረቤት ፈልጎ፣ በሹክሹክታ ተነጋግሮ፣ በመጨረሻ የልጁ ካልሲ ነጭ መሆን እንዳለበት ተረድቶ ወደ ቤቱ በሰላም ይመለስ ነበር። በስደት ዘመን መጻሕፍቱን ተሸክመው ዋሻ ለዋሻ የተንከራተቱት አባቶቻችን ትጋት እንኳ ከዚህ ብዙ አይበልጥም።

ወደ ምሥጢሩ እንግባ። በማሳሰቢያው ራስ ላይ ሰላምታ አለ፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ክፍያ አለ። ክፍያው ቀኑን ጠብቆ ካልገባ ቅጣት እንደሚታከልበት፣ የባንክ ደረሰኙም ለሒሳብ ክፍል መቅረብ እንዳለበት በጨዋ ቋንቋ ከተገለጸ በኋላ ነገሩ ወደ ዝርዝር ጥበቡ ይዘልቃል፤ ሹራቡ ከትምህርት ቤቱ ብቻ ይገዛ፣ የስፖርት ልብስ ከስፖርት ቀን በቀር አይለበስ፣ በምሳ ዕቃው ላይ ስም ይጻፍ፣ ቺፕስና ለስላሳ ከግቢ አይግባ ይላል። ከዚያም ለሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ባዶ የሃይላንድ ላስቲክ፣ የእንቁላል መያዣ፣ ባለ ቀለም ካርቶንና ሙጫ እንዲመጣ፣ ይህንንም ሰኞ ጠዋት ይዞ ያልተገኘ ተማሪ ማርክ እንደሚቀነስበት ያስታውቃል። አንባቢ ሆይ፣ እሑድ ማታ በሦስት ሰዓት ከሱቅ ወደ ሱቅ እየተንከራተተ፣ የተዘጋ በር እያንኳኳ፣ ባለሱቁን ስለ እመብርሃን ብሎ የሚማፀን ሰው በአዲሱ ገበያ መንገድ ላይ ብታገኝ፣ ሰካራም ነው ብለህ አትፍረድበት፤ ወላጅ ነው።

የማሳሰቢያው ክብር በሙላት የሚገለጠው ግን በዓላት ሲደርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዐበይትና ንኡሳን በዓላት እንዳሏት ሁሉ ትምህርት ቤቶቻችንም ከለር ዴይ፣ ክሬዚ ዴይ፣ የባህል ቀን፣ የወላጆች ቀን የሚባሉ በዓላትን ሠርተው አኑረዋል፤ ልዩነቱ የቤተ ክርስቲያኑ በዓል ሥራ የሚያስፈታ ሲሆን የትምህርት ቤቱ ግን ኪስ የሚያስፈታ መሆኑ ብቻ ነው። ከእነዚህም ሁሉ ለጉለሌ የሚገባት፣ እንደ ንግሥም የምትቈጥረው፣ የባህል ቀን ነው። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ አገር ነውና። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ሸማኔዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም፣ በየጠባቡ ቤት እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ አውርደው መወርወሪያ ሲያመላልሱ ይውላሉ፤ በከተማው ስንቱ ሙሽራ የሚደምቅበት ጥበብ ከእነርሱ እጅ የወጣ ነው። እንግዲህ በዚህ ሰፈር ማሳሰቢያው ልጆች የባህል ልብስ ለብሰው እንዲመጡ፣ የሌላቸውም ከሽሮ ሜዳ እንዲገዙ ወይም እንዲከራዩ ባዘዘ ጊዜ፣ ሸማኔው አባት ባለፈው ሳምንት ሠርቶ ለነጋዴ ያስረከበውን ጥበብ፣ ቀሚስ ሆኖ ከተሰፋ በኋላ ከዚያው ነጋዴ ሱቅ ገብቶ፣ ተከራክሮ፣ መታወቂያ አስይዞ ለአንድ ቀን ይከራየዋል። ልጅቱም ያን ለብሳ በመድረክ ላይ ትቆምና የአባቶቻችን ጥበብ እንዳይጠፋ አደራ የሚል ግጥም በቃሏ ትወጣለች። አባትየው አላጨበጨበም፤ የኪራዩን ዋጋ ሊያወጣ ከጉድጓዱ አልወጣም ነበርና።

የጉብኝቱ ነገርም ከዚህ አይርቅም። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በማሳሰቢያ ዘንድ የትምህርታዊ ጉዞ መዳረሻ ሆኖ ተሰይሟል፤ ይኸውም ከተራራው ሥር የሚኖረው ልጅ የአውቶቡስ ዋጋ ከፍሎ፣ የመክሰስ ዋጋ ከፍሎ፣ የቆብ ዋጋ ከፍሎ፣ በቤቱ መስኮት ጧትና ማታ የሚያየውን ተራራ ለማየት እንዲሄድ ነው። እናቱ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባዋ ተሸክማ የምትወርድበትን ዳገት እርሱ በሞተር ይወጣዋል፤ ምናልባትም በመንገድ ይተላለፋሉ። ማታ ስለ ደን ጥቅም ግማሽ ገጽ ጽፎ እንዲመጣ ታዝዟልና እናቱን ይጠይቃታል፤ እርሷም ደክሟት ተኝታለች።

ስለ ቋንቋው ደግሞ ምን እላለሁ! በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደንግጓል፤ ማሳሰቢያ ግን ትምህርት ስላልሆነ ከፖሊሲው ነጻ ነው፤ ስለዚህም በብዙ ቦታ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። እንግሊዝኛውን የጻፈው መምህርና እንግሊዝኛውን የሚቀበለው ሸማኔ ሁለቱም ስለማያነቡት በመካከላቸው ፍጹም ስምምነት አለ። ነገር ግን ልጁ ተርጓሚ ሆኖ ይቆማል፤ የአንድምታን ትርጓሜ ከሊቃውንት እግር ሥር ሳይማር በጸጋ ያገኘዋል። ንባቡ ለካርቶን 100 ብር ይላል፤ አንድም 150 ይላል፤ አንድም ለዳቦ ተጨማሪ 20 ማለት ነው ብሎ ያትታል። እናት ፊደል ስላልቈጠረች ሐተታውን በእምነት ትቀበላለች። በደብተሩ ዘመን ከሥር የወላጅ ፊርማ የሚል ባዶ መስመር ነበረና እርሱንም ልጁ ራሱ ይፈርመው ነበር፤ በመቶ መገናኛ ደብተር ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሰለጠነ የእጅ ጽሑፍ የምታገኙት በዚያ መስመር ላይ ነው።

የጥንቱ የኔታ ከዚህ ሁሉ ሥልጣኔ የተራቆተ ሰው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፊደል ያስቈጥራል፣ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት ያሻግራል። አለንጋውን አላወድስም፤ ዛሬ ያ አለንጋ ቢመለስ ከሁሉ በፊት የምሸሽ እኔ ነኝ። ግን ይህ ምስኪን መምህር ለወላጅ የሚልከው አንዳች ማስታወቂያ አልነበረውም። ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለት አባት ጠላ አስጠምቆ፣ እንጀራ አስጋግሮ፣ ዘመድ ጠርቶ ይደግሳል፤ ለየኔታም እንደ ዐቅሙ ይሸልማል፤ ልጁም በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት ዳዊቱን ዘርግቶ ያነባል። ካነበበ አነበበ። አባትየው ማንበብ ባይችል እንኳ ጆሮ አለው፤ ልጁ ሲደናቀፍ ይሰማል። ወላጅ የልጁን ዕውቀት በገዛ ጆሮው እንዲፈትን የሚፈቅድ እንዲህ ያለ ኋላ ቀር ልማድ በዘመናዊ አስተዳደር ዘንድ ቦታ የለውም፤ ለሒሳብ ክፍልም አይመችም።

ወላጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ በክብር የሚጋበዝበት ቀን ጨርሶ የለም እንዳይባል ግን የቅዳሜው ስብሰባ አለ። ስለ ልጆቻችሁ የወደፊት ዕጣ እንመካከራለን ተብሎ ይጠራል። ወላጅ የተቻለውን ለብሶ ይመጣል፤ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል፤ የኑሮ ውድነትና የቤት ኪራይ በሰፊው ከተነገረው በኋላ የሚመጣው ዓመት ክፍያ ይገለጽለታል። ጥያቄ አለ ወይ ይባላል። የሚጠይቅ ሲጠፋ በሙሉ ድምፅ ተስማሙ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። አንድ ደፋር ተነሥቶ ልጄ አራተኛ ክፍል ደርሶ አማርኛ አንብቦ አይረዳም ቢል፣ ያ በግል የሚታይ ጉዳይ ነውና ሰኞ ቢሮ እንዲመጣ ይነገረዋል፤ ሰኞ ቢሮው ስብሰባ ላይ ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዚህ ረገድ እጅግ ወደ ኋላ ቀርተዋል። የከተማው አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የደንብ ልብስና ደብተር በነጻ ስለሚሰጥ፣ ቁርስና ምሳም ስለሚያበላ፣ ማሳሰቢያ የሚጻፍበት ርእስ አጥተው፣ ወላጅ ይዘህ ና በሚለው ጥንታዊ ቃል ብቻ ተወስነው ይኖራሉ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ክፉ አሳቢዎች ጥያቄ ያነሣሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ወደ 3.2 ወረዱ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሲሆኑ ደግሞ ተሻሽሏል ተብሎ ደስ አለን። ታዲያ ይላሉ እነዚህ ሰዎች፣ ለ12 ዓመት በየሳምንቱ ሳይታክት ሲያሳስብ የኖረው ማሳሰቢያ ይህን እንዴት ሳያሳስብ ቀረ? በካርዱ ላይ ከ90 በታች ታይቶ የማያውቅ፣ ከሰባት ጓደኞቹ ጋር በአንድነት አንደኛ የወጣ ልጅ ወዴት ጠፋ? ይህ ያላዋቂ ጥያቄ ነው። ማሳሰቢያው ስለ ካልሲ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ስለ ምሳ ዕቃ፣ ስለ ካርቶን፣ ስለ ቆብ፣ ስለ ቅጣቱም ቀን የተናገረው አንድ ቃል አልተሳሳተም። ስለ ንባብና ስለ ስሌት አንድም ጊዜ ስላልተናገረ በነዚህ ጉዳዮች ሐሰተኛ ሊባል አይችልም። በነዚያ 12 ዓመታት ውስጥ፣ ልጅዎ በዚህ ሳምንት ይህን ተምሯል፣ ይህ ግን ገና ከብዶታል፣ እቤት አንድ ገጽ ያስነብቡት የሚል መስመር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ወላጅ ግራ ተጋብቶ የክፍያውን ቀን ይረሳ ነበር።

የዚህ ሁሉ ጉልላት የሰኔው ማሳሰቢያ ነው። መዋዕለ ሕፃናትን የፈጸመ ስድስት ዓመት የሞላው ሕፃን፣ ሊቀ ሊቃውንት ሊባል ጥቂት የቀረው ይመስል፣ ጥቁር ጋዋን ተጎናጽፎ፣ ባለ ዘርፍ ቆብ ደፍቶ፣ የተጠቀለለ ወረቀት በእጁ ይዞ ይመረቃል፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል ግን አያነበውም፤ ለጋዋኑ፣ ለፎቶግራፉ፣ ለኬኩና ለአዳራሹ የሚከፈለው ግን በማሳሰቢያው ላይ በጉልህ ፊደል ተነግሯል። ሕፃኑ እንዲህ ከከበረ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል እያንዳንዱን ማሳሰቢያ አንብቦ፣ ፈጽሞ፣ ከፍሎ የጨረሰው ወላጅ ያለ አንዳች ማዕረግ ወደ ቤቱ መሰደዱ ከፍትሕ ጋር የሚስማማ አይመስለኝም። ስለዚህ በመጪው ሰኔ ወላጆችም ጋዋን ለብሰው እንዲመረቁ በትሕትና ሐሳብ አቀረብሁ፤ ርእሰ መምህሩም ሳይውል ሳያድር ተቀበሉኝ፤ ዓርብ ማታ በቻናሉ ላይ ወረደ። የጋዋኑ ኪራይ የማይመለስ ነው፤ ቆቡ ለብቻው ይከፈላል፤ እስከ ሰኞ ጠዋት ደረሰኝ ያላቀረበ ወላጅ ግን የልጁ ካርድ አይሰጠውም።