የግራ ጎማ ሽምግልና

አርሲ ነገሌ ላይ የሚጠብቋቸው ሰዎች ቀጠሮውን ለረፋዱ 4 ሰዓት ቆርጠውታል። ከአዳማ የሚነሱት ሰባቱ ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ የሚሄዱ ናቸውና ማርፈድ አይታሰብም። የልጅቷ አባት ደጃፍ ላይ አርፍዶ የደረሰ ሽማግሌ ገና አፉን ሳይከፍት ግማሹን ክርክር ተረትቷል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ጨብጠው፣ በኮንትራት የተያዘችላቸውን ሚኒባስ እየዞሩ ያዩ ነበር። ያዩት ነገር ብዙም አላጽናናቸውም።

ቶዮታ የመጀመሪያዋን ሃይኤስ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ይቺኛዋ በ1989 የጀመረው ትውልድ ልጅ ነች፤ ሕዝቡ በቀድሞው የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት ስም «አባዱላ» ያለው ቅርጽ ብቅ ከማለቱ በፊት መንገድ የለመደች። በሯ የተላጠበት ቦታ ሰማያዊ ነው፤ ከሰማያዊው ሥር ነጭ፣ ከነጩ ሥር ደግሞ ሌላ ሰማያዊ አለ። ሹፌሩ የሽማግሌዎቹን ዓይን አይቶ «አባባ፣ ቀለሟን ተዉት፤ ሞተሯን ብቻ ስሙልኝ» አለ። እውነቱን ነው፤ ሞተሯስ ምንም አይወጣለትም። ጣጣው የተቀመጠው ከሞተሩ ርቆ፣ ከኋላ በግራ በኩል ነበር።

ማታውን የኋላው ግራ ጎማ ተፈቶ ካላማዳሪው ጎሚስታ ዘንድ ተለጥፏል። ለመፍታት የታገለውም መልሶ የገጠመውም ረዳቱ ነው። ረዳቱ ሃይኤስ ላይ ከወጣ ወር አልሞላውም፤ ከዚያ በፊት ከመቂ ሽንኩርት በሚጭን አሮጌ አይሱዙ ላይ ነበር የሠራው። አንባቢ ይህችን ነገር ይያዛት።

ሹፌሩ ገንዘብ የሚከፈልበት መንገድ አይወድም። በ2007 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀውን ፈጣን መንገድ ትቶ በአሮጌው በኩል ሞጆ ገባና ወደ ደቡብ ታጠፈ። ቆቃ ሲደርሱ አንደኛው ሽማግሌ ግድቡ በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. እንደተመረቀ መተረክ ጀመሩ። ይህን ታሪክ እዚያ ባለፉ ቁጥር የሚያወሩት ስለሆነ ማንም ልብ ብሎ አልሰማቸውም። ሁሉም ጆሮውን የሰጠው ከኋላ ለሚመጣው ድምፅ ነበር፦ ግው… ግው… ግው። መኪናዋ ስትፈጥን ይፈጥናል፤ ቀስ ስትል ቀስ ይላል።

የሚኒባስ ተሳፋሪ ሁሉ ሜካኒክ ነው። አንዱ «መንገዱ ነው» አሉ። ሌላው «ኩሽኔታ ነው፤ የወንድሜ መኪና እንዲሁ ብላ ነው የቀረችው» ሲሉ ሦስተኛው «ባሌስትራዋ ተሰብራለች» ብለው ፈረዱ። ከመጨረሻው ወንበር «ሱታ! ሱታ!» የሚል ጩኸት መጣ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት አዛውንት ግን ዝም ብለው ይሰማሉ። እኚህ ሰው የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ባስጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ አገዳ ሲያመላልሱ ኖረው በጡረታ የወጡ ናቸው። ዓለም ጤና ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የሹፌሩን ትከሻ በከዘራቸው ነካ አደረጉና «ልጄ፣ ዳር ያዝ። ዳዶ ነው» አሉት።

ዳዶ ነበር። በትክክል ለመናገር ዳዶ ብቻ አልነበረም። ከአምስቱ የጎማ ቡሎኖች ሁለቱ ከሥራቸው ተቀንጥሰው ከነዳዷቸው የሉም፤ አንዱ ጥርሱ ተበልቷል፤ የቀሩት ሁለት ብቻ ሰባት ሽማግሌ ተሸክመው ቆቃን አሻግረዋል።

መንገድ ዳር ሽንኩርት ይዛ የተቀመጠች ሴት ከሁሉም ቀድማ «ምነው፣ ድንጋይ አታደርጉም እንዴ?» አለች። እስከዚያ ድረስ ጎማ ለመደገፍ ያሰበ ሰው አልነበረም። ድንጋይ ተለቀመ፤ ከፊት ለመደገፊያ፣ ከኋላ ደግሞ ለሚመጣው መኪና ማስጠንቀቂያ ተደረደረ። (ያ ሁለተኛው ረድፍ ዛሬም እዚያው ሳይኖር አይቀርም። በዚህ አገር አስፋልት ላይ ድንጋይ የሚደረድር ሹፌር ብዙ ነው፤ ሲሄድ የሚያነሳ ግን እስካሁን አልታየም።)

ረዳቱ የጎማ መፍቻውን አምጥቶ ከቀሩት ዳዶዎች አንዱ ላይ ሰካ፤ እጀታው ላይ ቆመና በሰውነቱ ተጫነው። አልተፈታም። ዘለለበት። «ቋ!» አለ ቡሎኑ። ሦስተኛው ሄደ።

«በየት በኩል ነው የምታዞረው አንተ?» አሉ የወንጂው አዛውንት።

«ወደ ቀኝ። ግራ ጎማ ወደ ቀኝ ነዋ የሚፈታው!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ አዛውንቱ ግን አልሳቁም፤ ልጁ የተናገረው እውነት እንደሆነ ያውቃሉና። እውነቱ የአይሱዙ ነው እንጂ የሃይኤስ አይደለም። በቀድሞው የጃፓን ደረጃ በተሠሩ የጭነት መኪኖች የግራ ጎማ ቡሎን ጥርሱ ወደ ግራ የተቀረጸ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ፣ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ነገሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። ወደፊት የሚሽከረከር ጎማ የላላ ዳዶን ቀስ በቀስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋዋል፤ በቀኝ በኩል ያጠብቀዋል፣ በግራ በኩል ይፈታዋል። የጃፓን መሐንዲሶች በግራ በኩል ጥርሱን ገልብጠው ይህን ተከላከሉ። ሃይኤስና መሰሎቹ ግን በአራቱም ጎማ ወደ ቀኝ ነው የሚጠብቁት። እንግዲህ ልጁ ማታ ጎሚስታው ዘንድ «ልፈታ ነው» ብሎ እጀታው ላይ ሲዘልል እያጠበቀ ነበር ማለት ነው። ዳዶዎቹ በመጨረሻ የተፈቱት አንድ ሰው «ኧረ በዚህ ነው» ብሎ መፍቻውን ሲቀበለው ነው። በዚያን ጊዜ ቡሎኖቹ የመጣባቸውን ቀምሰዋል።

ምን ያህል ቀመሱ? ለእንዲህ ዓይነት መኪና ዳዶ የሚበቃው 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። አዛውንቱ ይህን በወንጂ አማርኛ «አንድ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ስኳር ማንጠልጠል» ብለው አስረዱ። ልጁ 60 ኪሎ ይሆናል፤ እጀታው ግማሽ ሜትር። ሳይዘልል፣ ቆሞ ብቻ፣ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ቡሎን ደግሞ ልኩን ሲያገኝ በጥቂቱ ይለጠጥና ቸርኬውን ታምቡሩ ላይ አጣብቆ ይይዘዋል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ያ መጣበቅ ነው። ከልክ በላይ ሲሳብ ግን ተለጥጦ ይቀራል፤ ጎማው መወዝወዝ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ቡሎኑ በየዙሩ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ ይደክማል።

አዛውንቱ የተቆረጠውን ቡሎን አንስተው ለሁሉም አሳዩ። ስብራቱ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ለስላሳና ዝገት የለበሰ፣ ቀስት ቀስት የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ያሉበት፤ በሌላው በኩል ሻካራ፣ አዲስ፣ ብር የመሰለ። «ይኼኛው ከቆየ ሰንብቷል» አሉ ዝገቱን በጥፍራቸው እየነኩ፤ «ይኼኛው የዛሬ ጠዋት ነው።» ረዳቱ ፊቱ በራ፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አለመሆኑ በብረት ተመስክሮለታል። ሹፌሩ በፊንታው ወደ ሜዳው ዞሮ ሽንኩርት ያይ ጀመር።

አንድ ሽማግሌ «ከየጎማው አንድ አንድ ዳዶ ፈትተን እንግጠምለት» አሉ። ዳዶ ሲጠፋ የሚሠራ የቆየ መላ ነው፤ የጠፋው ቡሎን ሲሆን ግን ዳዶው የሚጠመጠምበት የለም። ሹፌሩና ረዳቱ በሚያልፍ ፒክአፕ ላይ ቲማቲም መሐል ተቀምጠው መቂ ሄዱ።

መቂ ከዝዋይ ሐይቅና ከወንዙ በፓምፕ ውሃ እየሳበች አትክልት የምታመርት ከተማ ናት። ፓምፕ ባለበት የሚበላሽ ሞተር አለ፤ የሚበላሽ ሞተር ባለበት ብልሃተኛ አይጠፋም። መጀመሪያ ያገኙት ግን በያጅ ነበር፤ «አምጧት፣ ቡሎኑን እዚያው ላይ በይጄ እለቃችኋለሁ» አላቸው። ዋጋው ርካሽ ነውና ሹፌሩ ሊስማማ ምንም አልቀረውም። ከጎን ያለው የፓምፕ ሜካኒክ ሰምቶ ጣልቃ ገባ፦ «ወንድሜ፣ ይኼ ብረት በእሳት ተገርቶ የጠነከረ ነው። ስትበይደው ይሰባበራል።» በያጁ ተቀየመ፤ ሜካኒኩ ግን ቁልፎቹን በጆንያ አድርጎ ባጃጅ ላይ ወጣ።

ከመለዋወጫ ሱቅ የተገዙት አዳዲስ ቡሎኖች ጥርሳቸው ልክ ነበር፤ ውፍረታቸው 12 ሚሊ ሜትር፣ ዳዶው ያለ ችግር ይገባል። ሜካኒኩ ግን አንዱን ከተቆረጠው ጎን ይዞ ከራሱ ሥር ያለውን ሽንሽን በጣቱ ዳበሰ። ከታምቡሩ ኋላ ያለውን ብረት ነክሶ ቡሎኑ እንዳይሽከረከር የሚያደርገው ያ ሽንሽን ነው። አዲሱ ቀጠን ይላል። ቢገባም ዳዶው ሲጠብቅ አብሮ ይዞራል። ባጃጁ ተመልሶ መቂ ሄደ፤ ከፈረሰች ሃይኤስ ላይ የተነቀሉ፣ ልካቸው የተረጋገጠ አራት ቡሎኖች መጡ።

እስከዚያው ሹፌሩ ታምቡሩን በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ነበር የቆየው። ሜካኒኩ መዶሻውን በትሕትና ተቀበለው። ታምቡሩ ላይ በጭቃ የተደፈኑ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በምስማር ጠራረጋቸውና ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን በየተራ፣ አንዴ ይቺን አንዴ ያቺን፣ አዞረባቸው። ታምቡሩ ራሱን ገፍቶ ወጣ። ቶዮታ ቀዳዳዎቹን የሠራቸው ለዚሁ ነበር፤ ሹፌሩ ስንት ዓመት የጭቃ መግቢያ መስለውት ኖሯል። የተቆረጡት ቡሎኖች ወደ ኋላ ተመትተው ወጡ። ከመቂ የመጡት ግን በፍሬኑ ጫማና በሌላው ዕቃ መሐል ቀዳዳ እስኪገኝላቸው ሞዞው ሩብ ዙር ዞረ። ከዚያ ሜካኒኩ በያንዳንዱ ላይ ሮንዴላ ደራርቦ፣ ዳዶውን ገልብጦ፣ ሽንሽኑ ነክሶ እስኪቀመጥ ድረስ ስቦ አስገባው። ጎማው ሲመለስ የዳዶው ሾጣጣ ጎን ወደ ቸርኬው መዞሩን ረዳቱ ራሱ እንዲያረጋግጥ አደረገው። በመስቀል፣ አንዱን ከአንዱ ትይዩ እያደረጉ አጠበቁ። ማንም አልዘለለም።

ባቱ ላይ ወርደው ዳዶዎቹን እንደገና አጠበቁ፤ አርሲ ነገሌ ሲደርሱ 8 ሰዓት አልፏል።

የልጅቷ ወገኖች ፊታቸው አልፈታም። ከቡና በፊት የመጣው ጥያቄ «ቀጠሮው ስንት ሰዓት ነበር?» የሚል ነው። የወንጂው አዛውንት መልስ አልሰጡም፤ ከኮታቸው ኪስ የተቆረጠውን ቡሎን አውጥተው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። ቡሎኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንድ አጎት በመስኮቱ በኩል ወደ ብርሃን አቀረቡትና «ይኼ የአይሱዙ አይደለም» አሉ። ሌላው «የግራ ነው የቀኝ?» ጠየቁ። «የግራ።» «እንዴ፣ የግራ ከሆነማ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው!» ረዳቱ በር ላይ ቆሞ ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ ወገን አገኘ።

ክርክሩ እስከ ሁለተኛው ቡና ቆየ፤ የልጅቷ ስም የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተሰቡ በወጉ መሠረት «መክረን እንነግራችኋለን» ብሎ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠ። አባትየው እንግዶቹን ሲሸኙ ሚኒባሷን ዞር ብለው አዩና፣ በሚቀጥለው በአውቶቡስ እንዲመጡ ለመኗቸው።