ጋሎኑ እስኪያልቅ

ጳጉሜን ስትገባ ሰፈራችን አኳራጅ አኳራጅ መሽተት ይጀምራል። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ እያለ ዞር ብለን ያላየነው ቁምሳጥን፣ ዓመቱ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ያውም ዝናቡ ሳያባራ፣ ድንገት ያሳፍረናል። በአራት ዓመት አንዴ ስድስተኛ ቀን ስትጨመርልን ደግሞ አልጋውም ይጨመራል።

ዘንድሮ ተረኛው የእናቴ ቡፌ ነበር። ጥጉን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ሳደርገው ቡናማው ተነሣና ክሬም ብቅ አለ፤ ከክሬሙ ሥር አረንጓዴ፤ ከአረንጓዴው ሥር ሌላ ቡናማ። እያንዳንዱ ሲቀባ "በቃ፣ ይኼስ መቼም አያረጅም" ተብሎለት ነበር። ከሁሉም ሥር ዋንዛው ራሱ፣ ቀላ ያለ መልኩን ይዞ፣ ምንም ሳይሆን ቁጭ ብሏል። እኔ መርካቶ ድረስ ተጋፍቼ የገዛሁት ቀለም ምን ዓይነት መሰላችሁ? ዋንዛ የሚመስል ቡናማ።

ሥርዓቱንማ ማን ያጣዋል? ቅባቱ ይታጠባል፣ አሮጌው ቀለም ይፈተጋል፣ ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል፣ አንደኛው እጅ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደገምም። እኛ ግን አሥር ደቂቃ ፈትገን ክንዳችን ሲዝል "ከላይ ቀለም ይመጣበት የለ?" እንላለን። ስቱኮ ጨርሳ ቀዳዳውን በሳሙና የደፈነችም አለች። ስም አልጠራም፤ ሳሙናውን ያበደርኳት እኔ ነኝ።

ብሩሽ የያዘ ሰው ደግሞ አማካሪ አያጣም። የታችኛው ቤት ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው "ልጄ፣ ቲነር አበዛሽ" አሉኝ። እሳቸው ዞር ሳይሉ የጎን ጎረቤቴ መጥታ "ወፍሮብሻል፣ ቲነር ጨምሪበት እንጂ" አለች። ሁለቱንም ሰማሁ። የቡፌው ግራ ጎን እንባውን ሲያወርድ ቀኙ እንደ ገንፎ የቆመው ለዚሁ ነው።

ቡፌው ጋሎኑን አልጨረሰውም። የተረፈ ቀለም ተቀምጦ ይደርቅ ይሆን? እንዴት ተደርጎ! ረከቦቱ ተቀባ። የጫማ መደርደሪያው ተቀባ። ወንበሮቹ ተቀቡ። ባለቤቴ ማታ ሲገባ "እንዳትቀመጥ!" ብዬ ብጮህበት፣ "ኧረ እኔስ መቆሙንም ፈርቼዋለሁ" አለ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጋሼ ነጭ በነጭ ለብሰው "እንኳን አደረሳችሁ" ሊሉ መጡ። ወንበሩን በጣቴ ነካ አድርጌ፣ የደረቀ መስሎኝ፣ አስቀመጥኳቸው። ዳቦውን ቀማምሰው፣ ጠላውን ተጎንጭተው ሊነሡ ሲሉ፣ እንደ ደንቡ "ምን ያስቸኩልዎታል? ትንሽ ይቆዩ እንጂ" አልኩ። እኔ በአፌ ነው፤ ወንበሩ ግን ከልቡ ያዛቸው።

ማታ ባለቤታቸው በአጥር ብቅ ሲሉ፣ መጣሁልሽ ሊሉኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"አንቺ፣" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሁለቴ አጥቤው ንቅንቅ አላለም! እንዲህ ያለውን ቀለም ከየት ነው የገዛሽው? ለኛም ቡፌ ፈልጌ ነበር።"