የሥዕል ክፍለ ጊዜ፦ በሰባተኛ ክፍል ላይ የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ የአዲስ አበባ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች በሥዕል ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚሠሩ መመርመር ነው። ሥዕል እንደማይስሉ ከወዲሁ ስለታወቀ ትኩረታችን በቀሪው ላይ ይሆናል።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ሩብ የሚያልፈው እርሳስ ሲቀረጽ ነው። በሌላው ትምህርት ስሙ የማይነሳ ልጅ መቅረጫ ካለው በሥዕል ቀን ደጁ ይጠናል። ቀረጻው የሚካሄደው ቆሻሻ ቅርጫቱ ዘንድ ሲሆን፣ ቅርጫቱን ከበው የማታውን የአርሰናል ጨዋታ የሚተነትኑትን ልጆች አዲስ ተመልካች ቢያያቸው የዕድር ስብሰባ ይመስሉታል። እርሳሱ ከሁለቱም ጫፍ ይቀረጻል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ አልተገኘም። ላጲስ ግን በክፍሉ አንዲት ብቻ ናት። ባለቤቷ አይታወቅም፤ ከኋላ ዴስክ ወደ ፊት የምትጓዘውም በአየር ነው።

በዚህ መሀል መምህሩ መሠረታዊ ቀለማት ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መሆናቸውን ያስረዳል። ቢጫና ሰማያዊ ሲደባለቁ አረንጓዴ፣ ቀይና ቢጫ ሲደባለቁ ብርቱካናማ ይወጣል። ሦስቱም አንድ ላይ ከገቡ ቡናማ እንደሚሆን ሠዓሊ ሁሉ ያውቃል። የሰባተኛ ክፍል አስተዋጽኦ ከማንኛውም ሁለት ቀለም ቡናማ ማውጣት መቻሉ ነው። ምስጢሩ ያለው ብሩሽ በሚታጠብበት ተቆርጦ የቀረ ሃይላንድ ውስጥ ነው፤ ውሃው ከጠዋት ጀምሮ አልተለወጠም።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንለፍ። ርዕሱ «ሰፈሬ» ይሁን «የገና በዓል» የሚቀርበው ሥዕል አንድ ነው፦ ሁለት እኩል ተራሮች፣ በመሀላቸው ግማሽ ፀሐይ፣ ከፀሐይዋ ሥር ተነሥቶ እስከ ወረቀቱ ግርጌ የሚወርድ ወንዝ፣ በግራ ጎጆ፣ በቀኝ ዛፍ፣ ሰማዩ ላይ የ«ቪ» ፊደል የሚመስሉ ወፎች። ርዕሱ «የትራፊክ ደኅንነት» ከሆነ ወንዙ ግራጫ ይቀባና መንገድ ይባላል። ሠዓሊው ተወልዶ ያደገው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጎጆ የሚያውቀው ከፖስት ካርድ ነው። በክፍሉ መስኮት እንጦጦ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እንጦጦ ግን በማስመሪያ ስላልተሠመረ ለሥዕል አይሆንም። ወንዙ የጎጆውን ደጃፍ ታኮ ስለሚያልፍ ነዋሪዎቹ ሐምሌና ነሐሴን እንዴት እንደሚወጡት ለወደፊት ተመራማሪዎች ትተነዋል። ፀሐይዋ እየወጣች ነው እየጠለቀች ተብሎ የተጠየቀ ሠዓሊም «ቲቸር፣ እሷ እንደዚያው ናት» ከማለት ያለፈ ማብራሪያ አልሰጠም።

ይህ ሁሉ ስንፍና ይመስላል። ነገር ግን በኦስትሪያ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ቪክቶር ሎወንፌልድ በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የልጆችን አሣሣል በዕድሜ ከፋፍሎ ሲያጠና የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ያሉበትን ዕድሜ ለብቻው አስቀምጦታል። በዚያ ዕድሜ ልጁ የሳለውን ከሚያየው ጋር ማስተያየት ይጀምራል፤ በሥራውም ያፍራል። ሁለተኛ ክፍል ሳለ ላሟን ሐምራዊ ቀብቶ «እማዬ፣ እዪልኝ!» እያለ ቤቱን ያመሰ ልጅ አሁን ሙሉ ክንዱን ደብተሩ ላይ ዘርግቶ ይስላል። መምህሩ ሲጠጋ ሽንት ቤት ያስፈልገዋል። እንግዲህ የላጲሷ በረራም፣ የቅርጫቱ ጉባኤም፣ ጩኸቱም አንድ ዓላማ ያለው የትብብር ሥራ ነው፤ ማንም የማንንም ወረቀት እንዳያይ። እነዚያ ሁለት ተራሮች ደግሞ ማንም የማይስቅባቸው ተራሮች ናቸው። እዚህ ላይ ጥናቱ ከተማሪዎቹ ጎን እንደሚቆም ሳይሸሽግ ይናገራል።

መጠለያው የሚፈርሰው «የጓደኛችሁን ፊት ሳሉ» የተባለ ዕለት ነው። በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ከፊት ለፊት ይሳላል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሁለት ዓይን እኩል ማድረግ ከአቅም በላይ ስለሆነ ሰባተኛ ክፍል ጓደኛውን በጎን ይስለዋል። በአባቶች ሕግ ከሄድን በክፍሉ አንድም ጻድቅ የለም። የተሳለው ልጅ ወረቀቱን ነጥቆ ካየ በኋላ «ቲቸር፣ ሰደበኝ!» ብሎ ይከሳል። ተከሳሹ አዲስ ወረቀት ይጠይቃል። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ይህ በኤ4 ወረቀት ሲመነዘር ወደ 2,400 ገደማ ይሆናል። ሎሬቱ በመሀል «ተበላሸብኝ፣ ሌላ ስጡኝ» ስለማለታቸው የተገኘ ማስረጃ የለም።

ተማሪዎች ለትምህርቱ ያላቸው አመለካከት በሁለት ጥያቄ ይለካል። «ከማርክ ይያዛል?» ሲባል መልሱ አዎ ነው፤ ጸጥታ ይሰፍናል። «ሚኒስትሪ ላይ ይመጣል?» ሲባል አይመጣም፤ ቅርጫቱ ዘንድ ወደነበረው ውይይት ይመለሳሉ። ፈተና ሲቃረብ የሒሳብ መምህሩ ክፍለ ጊዜውን ለማካካሻ ይወስደዋል። ለሥዕል ያላቸው ጥልቅ ፍቅር በጩኸት ሲገለጽ የተሰማው በዚያ ጊዜ ብቻ ነው።

የቤት ሥራ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ትናንት ክብ መሳል ያቃተው ልጅ በማግስቱ ጥላው የተሰላ፣ ርቀቱ የተጠበቀ፣ ከታች በኩል በጎልማሳ የእጅ ጽሑፍ ፊርማ ተጀምሮ የተሰረዘበት ሥዕል ያስረክባል። መምህሩ ብዙ ካሰበ በኋላ ከአሥር ሰባት ይሰጣል። ችግሩ የሥዕል ውጤት ከሌላው ጋር ተደምሮ ደረጃ ማውጣቱ ነው፤ አንደኛ የነበረው ልጅ ሁለተኛ ይወጣል። ስለዚህ አባት ከሥራ አስፈቅደው ይመጣሉ። ሥዕሉን ከመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አንሥተው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው፣ ራቅ ቀረብ እያደረጉ ያዩታል።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» ይላሉ፣ «እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው የሳልኩት። ሰባት ምን ማለት ነው?»