እግርን በገዛ ገንዘብ ለማሳመም የሚረዱ ዘጠኝ ምክሮች

ታኮ የሌለው፣ ቀላልና ለስላሳ የቆዳ ጫማ፣ ሰዉ «ፍላት» የሚለው፣ ለጅግጅጋ ኑሮ የሚስማማ ጫማ ነው። ከተማዋ ከካራማራ ተራሮች ግርጌ በተንጣለለ ሜዳ ላይ ነች። በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግድ ሰው ሲያወልቅና ሲያጠልቅ የሚያስቸግረውን ባለ ብዙ ክር ጫማ አይመርጥም። ሸቀጡም በሁለት በኩል ይመጣል፦ ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ የሚገባ አለ፤ ከአዲስ አበባ በሐረር አድርጎ ካራማራን ተሻግሮ የሚደርስም አለ። ምርጫው ሰፊ ነው፤ አመራረጡን ግን የሚያስተምረን የለም።

አንድ እግር 26 አጥንትና 33 መገጣጠሚያ አለው። የሰውነታችንን ክብደት ዕድሜ ልክ የሚሸከም ይህ አካል የሚያድርበትን ቤት አብዛኞቻችን በቀለሙና በዋጋው ብቻ እንወስንለታለን። ስለዚህ የሚከተሉትን ምክሮች ገልብጬ ጽፌያቸዋለሁ። እግሩን ማሳመም የሚፈልግ አንድ በአንድ ይፈጽማቸው፤ እግሩን የሚወድ ከእያንዳንዱ ምክር ሥር ያለውን ምክንያት አንብቦ ተቃራኒውን ያድርግ።

1. ጫማ በማለዳ ግዙ።

እግር ቀኑን ሙሉ አንድ መጠን የለውም። ሰው ሲቆምና ሲራመድ ሲውል፣ ሙቀቱም ሲበረታ፣ ፈሳሽ ወደ ታች ይወርድና እግር ያብጣል። ጠዋት ልክክ ብሎ የገባ ጫማ ከቀትር በኋላ መጨበጥ ይጀምራል። ሱቅ ከፍታ ቆማ የምትውል ነጋዴ፣ ሰሌዳ ፊት የሚቆም መምህር ይህን በደንብ ያውቁታል። ስለዚህ መግዣው ሰዓት ከአስር፣ ማለትም ከቀትር በኋላው፣ ሶላት በኋላ ነው፤ ካልሲ የሚያደርግ ሰውም ካልሲውን ይዞ ይሂድ። እግር በሰፋበት ሰዓት የተመቸ ጫማ በሌላው ሰዓት አያጣብቅም።

2. እግራችሁን አትለኩ፤ ቁጥራችሁን ብቻ ተናገሩ።

በአውሮፓ አለካክ በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። ቁጥሩ የሚነግረን ጫማው የተሠራበትን ፎርማ ርዝመት ነው፤ ስለ ስፋቱ ምንም አይልም። የአንዱ ፋብሪካ 38 ከሌላው 38 ጋር የማይገጥመውም ለዚህ ነው። እግር ራሱም ይለወጣል፤ ብዙ ሴቶች ከእርግዝና በኋላ እግራቸው ይረዝማል፣ የውስጥ እግራቸው ቅስትም ዝቅ ይላል። ከሠርጋቸው በፊት የሚያውቁትን ቁጥር ግን እስከ እርጅና ሲጠሩ ይኖራሉ።

ልኬቱ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ብቻ ይጠይቃል። ወረቀቱን መሬት ላይ አንጥፋችሁ፣ ተቀምጣችሁ ሳይሆን ቆማችሁ፣ ሁለቱንም እግር ዙሪያውን አስምሩ። ሁለቱ እግሮች እኩል ካልሆኑ የሚወስነው ትልቁ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት ለፊት፣ ረጅሙ ጣት ሁለተኛውም ሊሆን ይችላል፣ ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር ክፍት ቦታ ይቅር። ሰልባጅ የምትገዙ ደግሞ የውስጥ ንጣፉን እዩ፤ የሌላ ሰው እግር ያረፈበት ጉድጓድ ካለው ጫማው የዚያን ሰው አረማመድ ይዞ ነው የመጣው።

3. ጫፉ የሾለውን ምረጡ፤ «እየቆየ ይሰፋል» የሚለውንም እመኑ።

ታኮ የለውም ማለት ለእግር ተስማሚ ነው ማለት አይደለም። ብዙ የሴቶች ፍላት ከፊት በኩል ከባለ ታኮው እኩል የሾለ ነው። አውራ ጣት ወደ ሌሎቹ ጣቶች እየተገፋ ሲኖር ሥሩ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ወደ ውጭ ያብጣል፤ ትንሿ ጣት ትታጠፋለች፤ ጣቶች በሚፋተጉበት ቦታ ቆዳ ይደድራል። ለዚህ መጋለጥ ብዙ ጊዜ በዘር ይወረሳል፤ ጠባብ ጫማ ደግሞ ችግሩን ያፋጥነዋል፣ ሕመሙንም ያባብሰዋል።

ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይለጠጣል። ወደ ፊት ግን አይረዝምም፤ ከታች ያለው ሶልም አይሰፋም። ቀድሞ እግራችሁን ያሰመራችሁበትን ወረቀት ቆርጣችሁ ጫማው ሶል ላይ አስቀምጡት። ወረቀቱ በጣቶች በኩል ከሶሉ ከወጣ ያ ጫማ የእናንተ አይደለም። ተረከዙም ይታይ። ከኋላ የማይዝ ልቅ ጫማ የለበሰ ሰው እንዳይወልቅበት በእያንዳንዱ እርምጃ ጣቶቹን ያጨብጣል፤ ማታ ላይ ውስጥ እግሩና ባቱ የሚዝሉት በዚህ ነው። ለሶላት በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ከፈለጋችሁ ከላይ በቀበቶ ወይም በላስቲክ እግርን የሚይዝ፣ ከኋላም ተረከዝን ሳይቆርጥ የሚያቅፍ አለ።

4. ስስ ሶል ያለው ሁሉ ጤናማ ነው በሉ።

ለእግር ተፈጥሯዊ እንቅስቃሴ ቅርብ የሆነ ጫማ ምን ዓይነት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ11 አገሮች የተውጣጡ 42 ባለሙያዎች ተስማምተው መለኪያ አውጥተውለታል። መለኪያዎቹ አምስት ናቸው፦ ክብደቱ፣ በእጅ ሲታጠፍና ሲጠመዘዝ እሺ ማለቱ፣ የሶሉ ውፍረት፣ በተረከዝና በጣት በኩል ያለው የከፍታ ልዩነት፣ እግርን ለመቆጣጠር የተጨመረ ድጋፍ አለመኖሩ። የሶል ስስነት ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው። የጣት ስፋት ደግሞ ከአምስቱ ውስጥ ስለሌለ ገዢው ለብቻው ሊያየው ይገባል።

መሬቱም ይወስናል። በጅግጅጋ መሐል ከተማ አስፋልትና ንጣፍ ድንጋይ ላይ የሚሠራ ስስ ሶል፣ ወደ ሀርሺን ወይም ወደ ቀብሪ በያህ ገጠር ሲወጡ የግራር እሾህና ሹል ጠጠር ያሸንፈዋል። አርብቶ አደሩ ከጎማ የተቆረጠ በረባሶ የሚያደርገው አገሩን ስለሚያውቅ ነው። እሾህ የሚከለክል ሶል ጠንከር ይበል፤ ሆኖም ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ላይ ይታጠፍ። መሐሉ ላይ እንደ ደብተር ለሁለት የሚታጠፍን ጫማ ተዉት።

5. አበበ ቢቂላን ምስክር ጥሩና ስስ ሶሉን በአንድ ቀን ልመዱት።

አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ብዙ ሰው ይህን ብቻ ይዞ «ጫማ ትርፍ ነው» ይላል። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ በ2:12:11 እንደገና ክብረ ወሰን ሰብሯል። ሮም ላይ ያሮጠው የለመደና የሠለጠነ እግር ነው። ወፍራም ሶል ለብሶ ያደገ ሰው ያ እግር የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 36 ልምድ ያላቸው ሯጮችን ተከታትሎ ነበር። በአሥር ሳምንት ውስጥ ወደ ስስ ጫማ ከተሸጋገሩት 19 ሰዎች በ10ሩ የእግር አጥንት ውስጥ የጉዳት ምልክት የሆነ እብጠት በምስል ታይቷል። በቀጣዩም ዓመት ቪብራም የተባለው የባለ ጣት ጫማ አምራች «እግርን ያጠነክራል፣ ጉዳት ይቀንሳል» በሚለው ማስታወቂያው ምክንያት የቀረበበትን ክስ 3.75 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በስምምነት ዘግቷል።

ባለ ታኮ ወይም ወፍራም ሶል የለመደ ሰው የባቱና የተረከዙ ጅማት አጥሮ ሊቆይ ይችላል፤ ተረከዙ በድንገት ሲወርድ ይወጠራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ለአጭር መንገድ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ሽግግሩ ወራት ቢወስድ ትክክል ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዝ የሚወጋ ከሆነ ወደ ቀድሞው ጫማ ተመልሳችሁ እግሩን አሳርፉት።

6. «ሌዘር» የሚል ማኅተም ካለበት ቆዳ ነው በሉ።

የሶማሌ ክልል የጥቁር ራስ በግ፣ የፍየል፣ የከብትና የግመል አገር ነው። በዚህ አገር መሐል ተቀምጦ ፕላስቲክን በቆዳ ዋጋ መግዛት ያሳዝናል። እውነተኛ ቆዳ የተቆረጠ ጠርዙ ላይ ጭረት ጭረት ያለ ቃጫ ይታያል፤ ስትጫኑት ደቃቅ ሽብሽብ ያወጣል፤ ገጹ በፍጹም አንድ ዓይነት አይደለም። ፕላስቲኩ ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ ከሥሩም ጨርቅ አለው። ልዩነቱ ለእግር ትልቅ ነው፤ ቆዳ ላብ ይመጥጣል፣ ያስተነፍሳል፣ ከእግር ቅርጽ ጋርም ይስማማል፤ ፕላስቲኩ ግን ላቡን ውስጡ ይዞ ይቀመጣል።

ከቆዳም ቆዳ ይለያል። የበግ ቆዳ ልስላሴው ለገበር ይስማማል፤ ለላይኛው ክፍል የፍየል ወይም የከብት ቆዳ መቀደድን ይችላል። ገበሩንም በጣት ዳብሱ፤ ቆዳው ከላይ ብቻ ሆኖ ከውስጥ ፕላስቲክ ከተለጠፈ ጥቅሙ ቀርቷል።

7. ከውዱእ በኋላ እርጥብ እግራችሁን ወደ ጫማው መልሱ።

ለሶላት እግርን በቀን ደጋግሞ መታጠብ ለጤና ትልቅ ጸጋ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከማድረቅ ጉድለት ነው። በጣቶች መሐል የቀረ እርጥበት በተዘጋ ጫማ ውስጥ ሲሞቅ ፈንገስ ያበቅላል፤ ቆዳው ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ያሳክካል፤ በስንጥቁም ሌላ ኢንፌክሽን ይገባል። ትንሽ የጥጥ ፎጣ በቦርሳ መያዝና የጣቶችን መሐል ማድረቅ ይበቃል። ሁለት ጫማ ያለው ሰው ያፈራርቃቸው፤ ዛሬ የተለበሰው ነገ ነፋስ ባለበት ጥላ ይዋል። ቀጥታ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቆዳ ደርቆ ይሰነጠቃል።

8. ለዒድ ልጁን የሚያብረቀርቅ ጠባብ ጫማ አልብሱት።

የልጅ እግር አጥንት ገና ለስላሳ ነው፤ ጠባብ ጫማ ሲጨብጠው ስለማይታወቀው ላያለቅስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ፣ ሕንድ ውስጥ በ2,300 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጫማ ከሚለብሱት 8.6 በመቶው፣ ከማይለብሱት ደግሞ 2.8 በመቶው ጠፍጣፋ እግር እንዳላቸው አሳይቷል፤ ይበልጥ የታየውም ጣት የሚሸፍን ጫማ በሚያደርጉት ላይ ነው። እሾህ ባለበት አገር ልጅን በባዶ እግሩ እንልቀቅ ማለቴ አይደለም። ጣት የሚፈታ፣ ተረከዝ የሚይዝ ክፍት ሰንደል ለዒድም ያምራል። በየሁለትና ሦስት ወሩ የልጁን ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር አስተያዩ።

9. ስኳር ያለበት ሰውም ስስ ጫማ ይግዛ።

ከዘጠኙ ምክሮች እግር የሚያስቆርጠው ይህኛው ነው። ስኳር ለረጅም ጊዜ ሳይስተካከል ሲቆይ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል። ጠጠር ቢገባ፣ እሾህ ቢወጋ፣ ስፌት ቢልጥ ባለቤቱ አይሰማውም፤ ቁስሉን የሚያውቀው ካመረቀዘ በኋላ ነው። የስኳር ሕመምተኞችን እግር የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የባለሙያዎች ቡድን፣ ለአደጋ የተጋለጡ ሕመምተኞች በባዶ እግር፣ በካልሲ ብቻ ወይም ስስ ሶል ባለው ነጠላ ጫማ ቤት ውስጥም ሆነ ውጭ እንዳይሄዱ ይመክራል። የጫማቸው የውስጥ ርዝመት ከእግራቸው ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ይበልጥ፤ እግራቸውን በየቀኑ ያዩ፤ ጫማውን ከማጥለቃቸው በፊት እጃቸውን አስገብተው ይፈትሹ። እናትና አባት ዓይናቸው ከደከመ ልጆች ይዩላቸው።

ቁስል ከታየ የቤት መድኃኒት እየቀቡ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ጅግጅጋ ውስጥ የካራማራ ሆስፒታልና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሼህ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል አሉ፤ በዚያው ቀን መሄድ ይገባል።

ዘጠኙ ምክሮች የሚበረቱት ገዢው ስለሚቸኩል፣ ሻጩም ስለማያስለካ ነው። ሁለቱም በቀላሉ ይታረማሉ። ባለሱቆች አንድ ወንበር፣ ጥቂት ወረቀትና እርሳስ ብታስቀምጡ፣ ደንበኛው ጫማውን አጥልቆ ሱቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እንዲራመድ ብትፈቅዱ ወጪያችሁ ኢምንት ነው፤ የተስማማው ሰውም ተመልሶ ይመጣል። ገዢዎችም ገንዘቡን ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ወረቀቱን አውጡ። አስቀድሞ እንዲለካ የማይፈቅድ ሱቅ ሲገጥማችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።