አቧራም ዘሩ ተጠየቀ

ዘንድሮ ደግሞ አቧራ ዘሩን ይጠየቅ ጀመር። ሰው ሲጠየቅማ የኖረ ነው። ልጅ ልንድር ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ድንኳኑ ሊጣል ሲል አንዱ ሽማግሌ ከጥግ ይነሣና «በእናቷ በኩል ይገናኛሉ» ብሎ ሰርጉን ያፈርሰዋል። አሁን ግን ጋቢዬን ያጠየመው የደባርቅ ብናኝም «የማን ልጅ ነህ? የተራራው ወይስ የፋብሪካ?» ይባላል አሉ።

ይህን ጣጣ ያመጣችብኝ ኬሚስትሪ የምትማረው የልጅ ልጄ ናት። «አባባ፣ ናኖ ቅንጣት የሚባል ነገር አለ» አለችኝ። አንድ ሚሊሜትር ሚሊዮን ቦታ ሲከፈል አንዷ ናኖሜትር ናት፤ ቅንጣቱም ከ100 ናኖሜትር አይበልጥም። እኔ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማሾለክ ካቃተኝ ስንት ዘመኔ! የማላየውን ጠላት ትቁጠርልኝ ብዬ ለመንኳት?

ነገሩ ግን ከደጃፋችን አይርቅም። የስሜን ተራራ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተቆለለ ነው። ጥቁር ድንጋዩ ብረትም ታይታኒየምም በሆዱ አለው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ይፍቀዋል፣ ይቦረቡረዋል፤ ሊማሊሞን የሚወርደው ድፍርስ ጎርፍ ከዚያ ደቃቅ ብረት ያልያዘበት ጊዜ የለም። ማንም አልሠራው፣ ማንም አልሸጠው። በዚህ ላይ ፈረንጁ ወደ ስሜን ፓርክ ሊወጣ አፍንጫውን በነጭ ቅባት ለቅልቆ ከደባርቅ ይነሣል፤ ጭላዳው እንኳ ሣር መንጨቱን ትቶ ያየዋል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ብዙ ጊዜ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ አለበት። ፊቱን ሲታጠብ የት ይሄዳል? ወደ ወንዝ። እንግዲህ ከታች ውኃ የቀዳ ሰው ታይታኒየም ቢያገኝ የተራራው ነው የአፍንጫው?

እዚህ ላይ ነው የዘር ቆጠራው የሚመጣው፤ ሳልወድ በግዴ ደስ ያለኝም እዚህ ላይ ነው። የተራራ ልጅ ብቻውን አይሄድም፤ ከነዘመዱ ነው። ታይታኒየም ከድንጋይ ሲወጣ ኒዮቢየም የሚባል ብረት አብሮት ይወጣል። ሲሪየም የሚባለውም ብረት ከመሬት ሲመጣ ላንታነም የሚባለው አይለየውም፤ በምድር ቅርፊት ሲሪየሙ የላንታነምን እጥፍ ያህላል። ፋብሪካ ግን አጥርቶ፣ ለይቶ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የፋብሪካው ቅንጣት ባብዛኛው ወንድምም አክስትም የለው። ቅንጣቶቹን የሚለየው መሣሪያ ውኃውን ከ6,000 ዲግሪ በላይ በጋለ የአርጎን ነበልባል ውስጥ ይረጨዋል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ስትበታተን የትኞቹ ብረቶች አብረው እንደነበሩ ይመዘግባል። ቪየና ላይ በዚሁ የዝምድና ስሌት አሮጌው ዳኑብ የሚባለውን የመዋኛ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ ተከታትለው፣ ሰው በሚዋኝበት ወራት የታይታኒየሙ ድርሻ ከዘመዶቹ ልቆ አገኙት። የዋናተኛው ቅባት ተያዘ ማለት ነው።

ግን የልጅ ልጄ መቼ ደስታዬን ታስጨርሰኛለች! «አባባ፣ ቅንጣቷ በጣም ካነሰች ዘመዷም ከመሣሪያው ዓይን በታች ይሆናል፤ የተራራዋ ልጅ የፋብሪካ መስላ ታልፋለች» አለችኝ። ይባስ ብላ ሦስተኛ ወገን አመጣች፤ ተራራም ያላበቀለው፣ ፋብሪካም አስቦ ያልሠራው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው በታች ብየዳ ቤት አለ፤ ልጁ የበር ፍሬም ሲበይድ ከብልጭታው በላይ ሰማያዊ ጭስ ይነሣል። ያ ጭስ ብረቱ ተንኖ ሲበርድ የሚሆነው ናኖ ቅንጣት ነው። ሊማሊሞን እያቃሰተ የሚወጣው የጭነት መኪናም የራሱን ይተፋል። እኔ ጥቁር መነጽር የሌለው ሰው ብየዳ አያይም ብዬ ስከራከር፣ ለካ አፍንጫዬ ነበር የተጎዳው።

«የተራራውስ ምን ያደርጋል፣ አብረነው ኖርን» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ኧረ ተወኝ! ኧርነስት ፕራይስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አገራችን ውስጥ የእግር ዝሆኔን ሲመረምሩ፣ በባዶ እግር ዘመኑን ሙሉ ቀይ አፈር በረገጠ ሰው ንፍፊት ውስጥ የአፈር ብናኝ አግኝተዋል። የእሳተ ገሞራ አፈር ነው፤ በዘሩ የተጋለጠውን ሰው እግር ያሳብጣል። ፋብሪካ እጁ የለበትም።

እንግዲህ ቁጣዬን እዚህ ላቁም። የቪየና ቁጥር ለስሜን አይሆንም፤ የኛ ድንጋይ የራሱ ታይታኒየም ሞልቶታል፤ የሱ ዝምድና ሳይታወቅ እንግዳውን መለየት አይቻልም። ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደታችንንና ሞታችንን ይመዘግባል። እንደዚሁ ሁሉ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ልጆችም ከከተማው በላይና በታች ያለውን ድንጋይና አፈር፣ ቅባቱና ብየዳው ሳይበዛ፣ አሁኑኑ ሰብስባችሁ በየቦታው ስም አስቀምጡልን። መሣሪያው ባይኖራችሁ ድንጋይ አይበላሽም፣ ይጠብቃችኋል። ለመሰብሰብ ስትወጡ ግን ጫማ አድርጉ።