ጠበቃ ያላት ብስክሌት

ብስክሌተኞች ቡና ከበው በተቀመጡበት ጠብ መጫር የሚፈልግ ሰው ፖለቲካም ሃይማኖትም ማንሳት አያስፈልገውም። «ለመሆኑ ስፔሻላይዝድ እንዴት ነው?» ብሎ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ ይበቃዋል። አንዱ ከዚያ የተሻለ ብስክሌት በምድር ላይ አልተሠራም ብሎ ይምላል። ሁለተኛው ብስክሌት ፋብሪካ ሳይሆን የጠበቆች ጽሕፈት ቤት ነው ይላል። ሦስተኛው በዋጋው ያማርራል። አማርሮ ሲበቃው የቡናውን ሒሳብ ከፍሎ ይወጣና ግድግዳው ላይ ያስደገፋትን ብስክሌት ይዞ ይሄዳል። ብስክሌቷ ስፔሻላይዝድ ናት። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኸው ነው።

ታሪኩ ሲጀምር እንኳን የሚጠላ፣ የሚታዘንለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ የፈረንጅ ናቸው) ማይክ ሲንያርድ የተባለ የካሊፎርኒያ ወጣት ፎልክስዋገን ቫኑን በ1,500 ዶላር ሸጠና ብስክሌቱን ይዞ አውሮፓ ገባ። ጣሊያን ላይ ከቺኖ ቺኔሊ ጋር ተዋወቀ። ቺኔሊ በ1943 የሚላን-ሳን ሬሞን ውድድር ያሸነፉ፣ ኋላም ብስክሌተኛ ሁሉ የሚመኘውን መሪ በመሥራት የታወቁ ሰው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ዕቃ የሚመኝ እንጂ የሚያስመጣ እምብዛም አልነበረም። ወጣቱ ገንዘቡን በመሪና በመሪ አንገት ለወጠው፤ የስፔሻላይዝድ ንግድ ተጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የራሱን ጎማ አወጣ። እስከዚህ ድረስ ሲንያርድን የሚጠላ ሰው ቢኖር የቫኑ ገዥ ብቻ ነው፤ እሱም ሞተሩ አስቸግሮት ከሆነ።

የመጀመሪያው ማጉረምረም የተሰማው ከተራራ ላይ ነው። በ1970ዎቹ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን፣ ማሪን በሚባለው አካባቢ፣ ጥቂት ጎረምሶች አሮጌና ከባድ ብስክሌቶችን እየገፉ ታማልፓይስ ተራራን ይወጡና በጠጠሩ መንገድ ቁልቁል ይለቋቸው ነበር። ፍሬኑ ከኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ የተቀበረ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ዓይነት ነው። አንዱን ቁልቁለት ወርደው ሲጨርሱ ግራሶው ተቃጥሎ ይጨሳል፤ ታች ተቀምጦ ፈታትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነው። ሰው እግዜርን እንዲህ የሚዳፈረው መጀመሪያ ወጣት፣ ቀጥሎ ሥራ ፈት ሲሆን ነው።

ከእነዚሁ መሐል ጆ ብሪዝና ጋሪ ፊሸር፣ ከእነሱም ጋር ቶም ሪቺ፣ ለተራራ ብቻ የሚሆን ብስክሌት በእጅ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። ፊሸርና ጓደኛው ቻርሊ ኬሊ በ1979 ድርጅታቸውን «ማውንቴን ባይክስ» አሉት። ስሙ ግን ከእጃቸው አምልጦ የዓለም ሁሉ ሆነ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ «ማውንቴን ግዛልኝ» እያለ አባቱን መግቢያ መውጫ የሚያሳጣ ልጅ ለእነሱ የሚከፍለው ሳንቲም የለም። አንባቢ ይህችን ነገር ልብ ይበል፤ የስም ጉዳይ ወደ ኋላ ይመጣል።

ሲንያርድ ከሪቺ ብስክሌቶች ጥቂቱን ገዛ። ቲም ኒናን የተባለው ባለሙያው እነሱን መነሻ አድርጎ ለፋብሪካ የሚመች ንድፍ አወጣ፤ ጃፓን ተመረተ፤ በ1981 «ስታምፕጃምፐር» ተብሎ በ750 ዶላር ገበያ ወጣ። በብዛት ተመርቶ የተሸጠ የመጀመሪያው የተራራ ብስክሌት ይኸው ነው፤ አንዱ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። የሚጠሉት «የሰው ሐሳብ ቀድቶ ከበረ» ይላሉ። የሚወዱት ደግሞ በእጅ የተሠራውን ለመግዛት አቅም ያልነበረው ሕዝብ ተራራ የወጣው በእሱ ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ፍቅሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1990ዎቹ መገባደጃ፣ ብዙ ሰዓት ኮርቻ ላይ የሚውሉ ወንዶች በጨዋ ቤት ስሙ የማይነሣ ቦታቸው እየደነዘዘ መቸገራቸው የአሜሪካ መጽሔቶች መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ኩባንያው ሮጀር ሚንኮው የተባሉ ሐኪም ጠርቶ መሐሉ የተቦረቦረ፣ ደም የማያግድ ኮርቻ አስነደፈ። ዛሬ መሐሉ ክፍት የሆነ ኮርቻ ከብዙ ፋብሪካ ይወጣል። ለዚህ ውለታ ኩባንያውን በልቡ የሚያመሰግን ባለትዳር ሞልቷል፤ በአደባባይ የሚያመሰግን ግን አይገኝም፤ ምክንያቱን ማብራራት ስለሚኖርበት።

በ2013 ደግሞ ካሊፎርኒያ፣ ሞርጋን ሂል በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤቱ የራሱን የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ሠራ። እንዲህ ያለ ቤት የአውሮፕላንና የመኪና ሰዎች እንጂ የብስክሌት ነጋዴ አያምረውም ነበር። መሐንዲሶቹ በዋሻው ውስጥ ከፈተኗቸው ነገሮች አንዱ የእግር ፀጉር ነው። ፀጉራም እግርንና የተላጨ እግርን በነፋስ ፊት አቁመው ለኩ፤ የተላጨው በ40 ኪሎ ሜትር አንድ ደቂቃ ገደማ ይቆጥባል አሉ። ብስክሌተኞች ለብዙ ዘመን እግራቸውን ሲላጩ ሚስቶቻቸውን በምን ምክንያት እንደሚያሳምኑ ጨንቋቸው ነበር። ሳይንስ ደረሰላቸው።

ድሉም አለ። ስሎቫኪያዊው ፒተር ሳጋን በ2015፣ በ2016 እና በ2017 በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ብስክሌት ነው። ቤልጂየማዊው ሬምኮ ኤቨኔፑል በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በሰዓት ሙከራውም በጎዳናው ውድድርም ወርቅ ወስዶ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ከጀርባው አይፍል ማማን አድርጎ እጁን ዘረጋ። ያን ፎቶግራፍ ያየ የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ የዓመት ሥራውን በአንድ ከሰዓት ጨርሶ ቤቱ ሄዷል ቢባል አይበዛም።

አሁን ወደ ኪሱ። በ2023 የወጣው ኤስ ወርክስ ታርማክ ኤስ ኤል 8 በአሜሪካ 14,000 ዶላር ገደማ ተለጥፎበት ነበር። የ1981ዱ 750 ዶላር በ2023 ገንዘብ ቢመነዘር 2,500 ዶላር ገደማ ነው፤ ልዩነቱን አንባቢ ያስላው። ለዚህ ዋጋ የሚገኘው ቅለት ነው። የካርበን ፍሬሙ 685 ግራም ይመዝናል ይላል ኩባንያው። በአንድ ትልቅ የብስክሌት ኮዳ የሚሞላው ውሃ 750 ግራም ነው። እንግዲህ ጋላቢው ሲጠማው የሚጠጣው ከብስክሌቱ ፍሬም ይከብዳል ማለት ነው። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ከ6.8 ኪሎ የቀለለ ብስክሌት ለውድድር ስለማይፈቅድ ተወዳዳሪዎቹ ከዚያ በታች መውረድ አይችሉም። ቅዳሜ ጠዋት የሚጋልበውን የሒሳብ ሠራተኛ ግን ማንም አይመዝነውም፤ ብስክሌቱንም፣ ራሱንም። በአሜሪካ ብስክሌተኞች ቀልድ ውስጥ እንዲህ ያለ ውድ ብስክሌት የሚነዳው ሁልጊዜ የጥርስ ሐኪም ነው፤ አቀበት ላይ ተማሪ በአሮጌ ብረት ብስክሌት ያልፈዋል፤ ተማሪውም ለወራት ያወራዋል።

ይሁን እንጂ ሰው በዋጋ ያማርራል እንጂ በዋጋ አይጠላም። ውድ ነገር ሠርቶ የሸጠ ብዙ አለ፤ የጣሊያኖቹ ብስክሌቶች ከዚህ ባይበልጡ አያንሱም፤ እነሱን ግን ሰው ደጅ ጠንቶም ያደንቃል። ስፔሻላይዝድን ያስጠላው የጠበቆቹ የፖስታ ሣጥን ነው።

ሁለት የቀድሞ ሠራተኞቹ ወጥተው ቮላጂ የተባለ ትንሽ የብስክሌት ድርጅት አቋቋሙ። ስፔሻላይዝድ ምሥጢሬን ይዘው ወጡ ብሎ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ገተራቸው። ከክሱ አብዛኛው ተራግፎ ጥር 2012 ላይ ዳኞቹ ውሳኔ ሰጡ፤ ከሁለቱ አንደኛው ውሉን ስላፈረሰ የቀድሞ አሠሪውን ይካስ፤ ካሣው አንድ ዶላር። በአንድ ዶላር የውስጥ ጎማ እንኳ አይገዛም። የኩባንያው ሰዎች መርሁን እንጂ ገንዘቡን አልፈለግንም ብለው ተጽናኑ ይሆናል፤ ገበያው ግን ነገሩን እንደ ቀልድ ይዞት ቀረ።

ከሁሉ የከፋው በ2013 መጨረሻ መጣ። ኮክረን በምትባል የካናዳ ከተማ፣ አፍጋኒስታን ዘምቶ የአእምሮ ጠባሳ ይዞ የተመለሰ አንድ የቀድሞ ወታደር አነስተኛ የብስክሌት ቤት ከፍቶ «ካፌ ሩቤ» ብሎት ነበር። ሩቤ በሰሜን ፈረንሳይ የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ ናት። ከ1896 ጀምሮ የሚካሄደው የፓሪስ-ሩቤ ውድድር መጨረሻ እሷ ናት፤ ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ጋላቢውን እስከ አጥንቱ ስለሚያንቀጠቅጠው ብስክሌተኛ ስሟን የሚጠራው ኮፍያውን አንሥቶ ነው። ስፔሻላይዝድም «ሩቤ» የሚባል ብስክሌት አለው፤ በ2012 እና በ2018 ውድድሩን ያሸነፉት ቶም ቦነንና ሳጋን የጋለቡትም የእሱን ነው። ታዲያ ለካናዳዊው ደብዳቤ ተጻፈለት፤ ስሙን በካናዳ ያስመዘገብነው እኛ ነን፣ ቀይር ተባለ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እየተባለ ያደገ አበሻ የስም ጠብ አይገርመው ይሆናል። የከተማ ስም ባለቤትነት ግን ማንንም ይገርማል። የሩቤ ከንቲባ ምን እንዳሉ ጸሐፊው አልሰማም እንጂ፣ ብስክሌተኛው ዓለም አንድ ሆኖ ተነሣ። ወታደሩን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ሁሉ ጠበቃ ሆነለት። በዚህ መሐል ፉጂ የተባለው ብስክሌት ባለቤቶች ብቅ አሉ። «ሩቤ» የሚለው የንግድ ስም የእኛ ነው፣ ለስፔሻላይዝድ በፈቃድ ሰጠነው እንጂ ካናዳ ወስዶ እንዲያስመዘግብ አላልነውም፤ ወታደሩም ይጠቀምበት አሉ። ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ሆነ፤ በጃፓን ተራራ የተሰየመ ኩባንያ፣ የፈረንሳይ ከተማ ስም፣ ለካናዳዊ ወታደር፣ በአሜሪካዊ ነጋዴ ላይ ፈረደለት።

ሲንያርድ (አሁንማ ቫን ሸጠው የተሰደዱት ልጅ ሳይሆኑ አንቱ የሚባሉ ባለጸጋ ናቸው) ተነሥተው ካናዳ ሄዱ። ሱቁ ድረስ ገብተው ይቅርታ ጠየቁ። ለአንድ ኩባንያ መሥራች ይህ ቀላል አይደለም፤ ጸሐፊውም ያደንቃል። ግን የሪቺን ብስክሌት ገዝቶ መነሻ ያደረገ ሰው፣ «ማውንቴን» የሚለው ስም በነጻ ለዓለም ሲበተን አጠገቡ ቆሞ የተጠቀመ ሰው፣ የሌላውን አገር ከተማ ስም አጥሮ ሲገኝ ብስክሌተኛው እንዴት ይረሳል? አልረሳም።

የሱቆቹ ቅሬታ አጭር ነው። ለዘመናት ብስክሌቱን ገጣጥመው፣ ደንበኛውን ለክተው ሲሸጡለት የኖሩ ባለሱቆች በ2022 ኩባንያው በአሜሪካ በቀጥታ ቤት ድረስ መላክ መጀመሩን ሰሙ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር አሉ፤ ምን ይበሉ?

ጠላቶቹ ሌላም የሚወዷት ወሬ አለቻቸው። የታይዋኑ ሜሪዳ በ2001 የስፔሻላይዝድን 49 በመቶ ድርሻ ገዝቷል፤ ብዙዎቹንም ብስክሌቶች የሚሠራው እሱ ነው። «ስለዚህ በርካሹ ሜሪዳ ላይ ቀይ የኤስ ምልክቱን ለጥፎ ነው የሚሸጠው» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም፤ ንድፉና የካርበኑ አሠራር ለየብቻ ነው። ሜሪዳንም ርካሽ ብሎ መናቅ ለእኛ አያምርብንም፤ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የጋለበው በላምፕሬ-ሜሪዳ ቡድን፣ በሜሪዳ ብስክሌት ነው።

በዚህ ጸሐፊ ሚዛን ብስክሌቱ ጥሩ ነው፤ ኮርቻውማ ግሩም ነው፤ ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ግን ለተወሰነ ጊዜ ያን የሩቤን የድንጋይ መንገድ ያለ ኮርቻ ቢጋልቡት አይከፋም።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ምክር። ያገለገለ ታርማክ ኤስ ኤል 7 በግማሽ ዋጋ አገኘን ብላችሁ ከመጣደፋችሁ በፊት ሻጩን ስለ 2021ዱ ጥሪ ጠይቁት። የፊት ሹካው አንገት ሊሰነጠቅ ይችላል ተብሎ ኩባንያው በዚያ ዓመት ብስክሌቶቹን ለጥገና ጠርቷቸው ነበር። ጥገናው ያልተደረገላት ከሆነች አትንዷት፤ መለያ ቁጥሯን ይዛችሁ የኩባንያው ወኪል ዘንድ ውሰዷት። ለጥገናው ክፍያ አይጠየቅም፤ ከዚህ ኩባንያ በነጻ የሚገኝ ነገር ብዙ ስላልሆነ አያምልጣችሁ።